ጉበት የጀመረውን ማን ይጨርሰዋል?

የእናቴ አረቄ ቤት ደንበኞች ከመጽሐፍ ቅዱስ ሁሉም በቃሉ የያዘው አንድ ቦታ ነበራቸው፤ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15። የደብረ ብርሃን ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ይገቡና አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ አንድ ሃምሳ አለቃ መለኪያውን ከፍ አድርጎ፣ ወደ አፍ የሚገባ ነገር ሰውን እንደማያረክስ ጌታ ራሱ ተናግሯል ይላል። ሌላው ይቀበለውና የተዋጠው ሁሉ ሆድ ገብቶ ወደ እዳሪ እንደሚጣል ያክልበታል። የሚቀጥለውን፣ የሚያረክሰው ከልብ የሚወጣው ነው የሚለውን፣ ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም። እናቴ እሳቱ ዳር ተቀምጣ፣ ከቱቦው ጫፍ የሚንጠባጠበውን እየጠበቀች፣ "እዳሪም ሄደ ገነት፣ ሂሳቡን ብቻ" ትላቸው ነበር።

በዚያ አረቄ ገንዘብ ተምሬ ዛሬ ለጤና ተማሪዎች ባዮኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ያደግሁት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሆነ ሁለቱን ትምህርቶች አንዱን ከአንዱ ሸሽጌ ማስቀመጥ አልሆነልኝም። የሃምሳ አለቃው ክርክር በወጉ መልስ ሳያገኝ የቀረ ይመስለኛል። መልሱን የምፈልገው ደግሞ ተማሪዎቼ ከሚያቆሙበት ከጉበት አልፌ ነው።

ከጠጣነው አልኮል ሳይለወጥ በትንፋሽ፣ በላብና በሽንት የሚወጣው ከመቶ ሁለት እስከ አሥር እጅ ቢሆን ነው። ሌላው ይቃጠላል። ማቃጠሉን በአብዛኛው የሚጀምረው ጉበት ነው። በመጀመሪያ አልኮሉን ወደ አሴታልዴሃይድ ይለውጠዋል፤ ይህ መርዝ ነው፣ ሲጠራቀም ፊት ያቀላል፣ ልብ ያስመታል፣ ያስመልሳል። ወዲያው ሌላ ኢንዛይም ይቀበለውና አሴቴት ያደርገዋል። አሴቴት ሰላጣ ላይ የምናፈሰው አቼቶ ውስጥ ያለው ነው። እናቴ ይህን ያለ ትምህርት ታውቀው ነበር፤ አፉ በደንብ ያልተመረገ የጠላ ጋን አየር ሲገባው ይሆመጥጣል። ጋኑ ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚሠሩትን ሥራ ጉበትም ይሠራዋል፤ በሰዓት ከሰባት እስከ አሥር ግራም አልኮል ያህል፣ ባለቤቱ ቢተኛም ቢዘፍንም።

እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። መርዙ ተነቀለ፣ አለቀ፣ ብሎ ነው። ጉበት ግን ሆድ ይፍጀው ብሎ የሚይዝ አካል አይደለም፤ አቼቶውን ወደ ደም ይለቀዋል። ኮፐንሃገን ውስጥ ፍራንክ ሉንድክቪስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ሥራ፣ ከጉበት በሚወጣው ደም መላሽ ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ አልኮል የጠጣ ሰው ጉበት የሚቀበለውንና የሚያስወጣውን ለኩ። ከተቀበለው አልኮል አብዛኛው አሴቴት ሆኖ ሲወጣ አገኙት። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ማሠራት እወዳለሁ። አንድ የአልኮል ሞለኪውል ጨርሶ እስኪቃጠል ሦስት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ይፈልጋል። አሴቴት እስኪሆን የሚበቃው አንዱ ነው። ሁለቱ የሚያስፈልጉት ከዚያ በኋላ፣ በአብዛኛውም ከጉበት ውጭ ነው፤ በልብ፣ በክንድና በእግር ጡንቻ፣ በኩላሊት፣ በአንጎል። አሴቴትን ለእሳቱ የሚያዘጋጀው ኢንዛይም በልብና በጡንቻ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ሞልቷል፤ በጉበት ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። እዚያ ከተዘጋጀ በኋላ ሃንስ ክሬብስ በ1937 ባሳየው ዑደት ውስጥ ይገባል፤ ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሃይድሮጂኑ ውሃ ይሆናል፤ ጋዙን ሳንባ ያስወጣዋል።

ስለዚህ ሃምሳ አለቃው ተሳስቷል ለማለት መንገዱ ክፍት ነው። የጠጣው ወደ እዳሪ አልሄደም። ልቡ ውስጥ ነድዶ በትንፋሹ የደብረ ብርሃን አየር ውስጥ ገብቷል። እንዲያውም ነገሩን በጥሬው ከወሰድነው አረቄውም ቢሆን ከልብ ወጥቷል። ይህን ለነፍስ አባታችን ነግሬያቸው በጣም ሳቁ፤ ከዚያ "ልጄ፣ ትርጓሜ እንዲህ አይሠራም" አሉኝ። ልክ ናቸው። የዚያ ምዕራፍ ጭቅጭቅ የተነሣው እጃቸውን ሳይታጠቡ እንጀራ ስለበሉ ደቀ መዛሙርት ነበር። ጌታ ስለ መፍጨት ትምህርት እየሰጠ አልነበረም፤ አረቄ ቤት ለመክፈትም ፈቃድ እየሰጠ አልነበረም። እኔን ግን የያዘኝ ጥያቄ ሌላ ነው። የጠጣሁት ነገር ውስጤ ገብቶ እኔን ከሆነ፣ ጥፋቱ በየትኛው ደረጃ ላይ ይኖራል? መለኪያው ውስጥ? አሴታልዴሃይዱ ውስጥ? ልብ በሚያቃጥለው አቼቶ ውስጥ?

ይህን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተከራክረንበታል። ወሎዬ ናት፣ ሙስሊም፣ ፋርማሲስት፤ ከእኔ የተሻለ ፊቅህ ታውቃለች፣ ይህ ደግሞ አያስደንቅም፣ እኔ ምንም አላውቅም። ወይን በራሱ ጊዜ ወደ ኮምጣጤ ከተለወጠ ኮምጣጤው ሐላል እንደሆነ ሊቃውንቱ ይስማማሉ፤ ሰው ሆን ብሎ ከለወጠው ግን ሐነፊዎች ይፈቅዳሉ፣ ሻፊዒዎች አይፈቅዱም፣ አለችኝ። እዚያው ተስፈንጥሬ፣ "ታዲያ ጉበት አቼቶ ሲያደርገውስ? በራሱ የተለወጠ ነው ወይስ ሰው የለወጠው?" አልኳት። ሻይዋን አስቀምጣ አየችኝ። "ጉበትሽ ሙፍቲ አይደለም" አለችኝ። "የተከለከለው መጠጣቱ ነው። ከጉሮሮ በኋላ ያለው የአላህ ሥራ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም።"

የእሷ መልስ እስካሁን ከሰማኋቸው ሁሉ ጥርት ያለው ነው፤ ግማሹን ተቀብያለሁ። ነገሩ ራሱ ኃጢአት እንደሌለበት የሚያሳይ ሌላ ማስረጃም አለኝ። በጾም ወራት ሽምብራና ምስር እየበላ የሚውል መናኝ ደም ውስጥም አሴቴት አለ። ሆድ ዕቃችን ያልፈጨውን አሰር ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ከሌሎቹ አሲዶች ሁሉ በልጦ የሚወጣው እሱ ነው። ልብ ጋ ሲደርስ የመናኙ አሴቴትና የሰካራሙ አሴቴት በምንም አይለዩም። ልብ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም፤ ሁለቱንም ያነድዳል። ስለዚህ አልኮልን እንደ ርኩስ መንፈስ የሚያዩ ሰባኪዎች ሲገጥሙኝ ትዕግሥቴ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያናችን ለቁርባን ያልፈላ የዘቢብ ጭማቂ ትጠቀማለች፤ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሰንበቴ ላይ ጠላ ይቀርባል፣ ጽዋ ማኅበር ላይም እንዲሁ። ርኩስ ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ደጀ ሰላም ባላስገቡት።

ነገር ግን የባልደረባዬን ሁለተኛውን ግማሽ፣ ከጉሮሮ በኋላ ያለው የእኔ አይደለም የሚለውን፣ ልቀበለው አልቻልኩም። ከጉሮሮ በኋላ የሚከፍሉ አሉ፤ ሲጠጣ ያልተጠየቁ።

ልብና ጡንቻ አሴቴቱን የሚያነድዱት በነጻ አይደለም። ለማቃጠል ሲያዘጋጁት ከሴሉ የኃይል ክምችት ኤቲፒ የሚባለው ይጎድልና ወደ ኤኤምፒ ይወርዳል። ከኤኤምፒ አንዱ ክፍል አዴኖሲን ይሆናል፤ አዴኖሲን አንጎልን የሚያስተኛ ነው፣ የጠጪ እንቅልፍ አንዱ ምንጭም እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ቡና የሚያነቃን የአዴኖሲንን መቀበያ ስለሚዘጋ ነው። ሌላው ክፍል እየፈረሰ ሄዶ ዩሪክ አሲድ ይሆናል። ዩሪክ አሲድ ሲበዛ መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ ይጠጥራል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግር አውራ ጣት ነው። ሪህ። ሃምሳ አለቃው ጫማውን አውልቆ በነጠላ ጫማ የሚመጣባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ የኮሪያ ብርድ ነው ይል ነበር። ሪህ ብዙ ምክንያት አለው፣ በዘርም ይወርዳል፣ እሱ ላይ የትኛው እንደበረታ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ነገር ግን አውራ ጣት መለኪያ አንሥቶ አያውቅም።

ቆሽትም አላነሣም። ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ላፖሳታና ላንጅ፣ በ1986 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ሰክረው የሞቱ ሰዎችን አካል መርምረው፣ አልኮል ሳይቃጠል ከስብ ጋር ተጣብቆ የሚሠራቸውን ውሕዶች በቆሽት፣ በልብና በጮማ ውስጥ አገኟቸው። እነዚህ አካላት አልኮልን እንደ ጉበት የማቃጠል አቅም የላቸውም፤ ያላቸውን ሥራ ይሠሩበታል፣ ሥራውም ይጎዳቸዋል። ቀይ የደም ሴሎችም ከሽፋናቸው ስብ ጋር አልኮልን የሚያያይዝ ውሕድ ይሠራሉ፤ ፎስፋቲዲልኢታኖል ይባላል፣ አዘውትሮ ሲጠጣ የቆየ ሰው ካቆመ ከሳምንታት በኋላም በደም ምርመራ ይገኛል። ይህን ለባልደረባዬ ስነግራት፣ የጠጣ ሰው ሶላት አርባ ቀን ተቀባይነት እንደማያገኝ የሚናገረው ሐዲስ ትዝ አለኝና ላያይዘው ሞከርኩ። ከአፌ ነጠቀችኝ፦ "ሐዲሱን በላቦራቶሪ አታስመስክሪ። ነገ ማሽኑ ሃያ ቀን ቢል ምን ልትዪ ነው?" ተውኩት። እንደዚህ ዓይነት ጋብቻ፣ መጽሐፍን በመርማሪ መሣሪያ ማጽናት፣ እኔም የምጠላው ነገር ነው፤ ግን አፌ ላይ ሲመጣ ጣፋጭ ነው።

አንጎል ጋ ስደርስ ነገሩ ይከብደኛል። አንጎል የዘወትር ምግቡ ግሉኮስ ነው፤ አሴቴት ሲመጣለት ግን ይበላል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እንዳሳዩት፣ ብዙ የሚጠጡ ሰዎች አንጎል አሴቴት የመውሰድና የማቃጠል አቅሙ ትንሽ ከሚጠጡት ይበልጣል። ለምዶታል ማለት ነው። በ2019 ደግሞ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በአይጦች ላይ የሠራው ሥራ ኔቸር ላይ ወጣ። አልኮሉን ምልክት አድርገውበት ተከተሉት፤ ጉበት አሴቴት ካደረገው በኋላ አንጎል ገባ፣ ከአንጎልም ትዝታ በሚቀመጥበት በሂፖካምፐስ፣ ዲኤንኤ የሚጠመጠምባቸው ሂስቶን የተባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ተለጥፎም ዝም አላለም፤ የትኛው ጂን እንደሚነበብ ይወስናል። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም ሂፖካምፐሳቸው ውስጥ የተቀነሰባቸው አይጦች አልኮል ያገኙበትን ክፍል መርጠው መመለስን አልተማሩም። ሌሎቹ ተመለሱ።

አይጥ ሰው አይደለም፣ ይህን ክፍል ውስጥም ደጋግሜ እላለሁ። ሆኖም ተናዝዞ፣ አልቅሶ፣ ከልቡ ቆርጦ፣ ከዚያ የእናቴ በር ፊት ለፊት ሲደርስ እግሩ የሚዘገይ ሰው አውቃለሁ፤ ብዙ አውቃለሁ፣ ሠፈራችን ነው። ሰዎች "ንስሐው የውሸት ነበር" ይሉታል። እኔ ግን የጠጣው አረቄ ያ በር የት እንዳለ የሚያስታውሰው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ቢሆንስ እላለሁ። ፈቃዱ እውነተኛ ሆኖ ሥጋው ገና ያልደረሰበት ቢሆንስ?

የነፍስ አባታችንን የጠየቅኋቸው ይህንን ነው። ወጣት ሆነን ሁላችንም የምንጠይቀው አለ፦ እግዚአብሔር ሲናዘዙት ይቅር የሚል ከሆነ ቀኖና ምን ያደርጋል? ለምን ስግደት፣ ለምን ጾም? ሲሰለቹ የሚመልሱት አጭር መልስ አላቸው፤ ቀኖና ዋጋ አይደለም፣ መድኃኒት ነው። ያን ዕለት ግን እናቴ ቡና እያፈላች ነበርና አልቸኮሉም። "ኃጢአት አንድ ቦታ አይቀመጥም" አሉኝ። "አፍ ያደረገውን አፍ ይናዘዛል። ጉልበትስ? እጅስ? እነሱ ሳይናዘዙ ይቀራሉ። ስለዚህ ጉልበት ይሰግዳል፣ እጅ ይመጸውታል፣ ሆድ ይጾማል። እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ነው የሚናዘዘው።" ጉበትና ልብ የተከፋፈሉትን ሥራ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከጳውሎስ መልእክት አንድ አካል ሲታመም ሁሉም አብሮ እንደሚታመም የሚናገረውን አስታወሱኝ፣ እሱ ግን የተጻፈው ስለ ቤተ ክርስቲያን እንጂ ስለ ቆሽት እንዳልሆነ ጨመሩልኝ። ተጠንቃቂ ሰው ናቸው። እኔም መስገድ አልኮልን ቶሎ ከደም ያስወጣል እያልኩ አይደለም፤ አያስወጣም። የምለው፣ የስህተቱ ባለቤት አንድ ሲሆን የስህተቱን ቀሪ የሚሸከሙት ብዙ ከሆኑ፣ አንድ ጊዜ ተናግሮ መነሣት ከዚያ ሁሉ ሸክም ጋር አይመጣጠንም፤ ቀኖናን ያስቀመጡ አባቶች ስለ አሴቴት ሳያውቁ ይህን ያወቁ ይመስለኛል።

መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 ላይም ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። የሶምሶን እናት መካን ነበረች፤ መልአክ መጥቶ ልጅ እንደምትወልድ ሲነግራት፣ ልጁ ናዝራዊ ስለሚሆን ወይንና የሚያሰክር መጠጥ እንዳትጠጣ አዘዛት። ስእለቱ የልጁ ነው፤ የታዘዘችው እሷ ናት። ሰባኪዎች ይህን ስለ ሴት ታዛዥነት ያደርጉታል። እኔ እንግዴ ልጅ ነው የሚታየኝ። አልኮልም አሴቴትም ወደ ጽንሱ ያልፋሉ፤ የጽንስ ጉበት ደግሞ አልኮልን የሚያቃጥለው ኢንዛይም በጣም ትንሽ ነው ያለው። ሲያትል ውስጥ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ከአልኮል ሱሰኛ እናቶች በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚታየውን የፊት፣ የእድገትና የአእምሮ ጉዳት ስም ሰጥተው የጻፉት በ1973 ነው። በ2019ኙ የአይጥ ጥናትም እርጉዝ እናት ከተሰጣት አልኮል የተገኘው ምልክት በጽንሶቹ አንጎል ውስጥ ተገኝቷል። ከጉሮሮ በኋላ ያለው የእኔ አይደለም የሚለው ክርክር ለእኔ ሙሉ በሙሉ የሚፈርሰው እዚህ ነው። ከእኔ ጉሮሮ በኋላ የሌላ ሰው አንጎል አለ።

ይህን ሁሉ ብዬ ወደ እናቴ መምጣቴ አይቀርም። አሁን አርጅታለች፣ እኔ ጋ ትኖራለች፣ አረቄውን ግን አልተወችም፤ በትንሹ፣ ለቆዩ ደንበኞች ብቻ ታወጣለች። የነፍስ አባታችንና እኔ ቡናው ላይ ስንነጋገር ስትሰማ ቆይታ ጀበናዋን አስቀመጠችና፣ "እንግዲህ እሱ ጠጣው፣ ጉበቱ አቼቶ አደረገው፣ ልቡ አነደደው፣ በአፍንጫው ወጣ። የኔ ድርሻ የቱ ጋ ነው?" አለች። የምትሳለቅ መስሎኝ ነበር፤ ፊቷን ሳየው የምትጠይቅ ነበረች። የደብተሬንና የዩኒፎርሜን ገንዘብ አሰብኩ። የእኔ ድርሻስ የቱ ጋ ነው? ያ ገንዘብም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተለወጠ ሄዶ ዛሬ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እጅ ሆኗል፤ ከመናኙ ሽምብራ እንደመጣው አሴቴት ሁሉ ምንጩን ማንም አይለየውም። ንጹሕ ነው ማለት ግን አልደፍርም። የሃምሳ አለቃው ሚስት የጡረታ ገንዘቡ የሚከፈልበትን ቀን ጠብቃ በራችን ላይ ስትቆም አይቻለሁና።

አባ ለእናቴ ሁለት ነገር አዘዙ። የሰከረ ሰው ሲመጣ እንዳትቀዳለት፤ እርጉዝ ሴት ከመጣች ደግሞ ውሃ ሰጥታ እንድትሸኛት። ሁለተኛውን ወዲያው ተቀበለች፣ እንዲያውም ለእርጉዝ ዱሮም አልቀዳም ነበር ብላ ተቆጣች። የመጀመሪያው ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። "አባቴ፣ የሰከረና ያልሰከረ በምን ይለያል?" አለቻቸው። "ንግግሩ ሲወላገድ" አሉ። "የሃምሳ አለቃው ንግግር ሳይጠጣም የተወላገደ ነበር፣ ነፍሱን ይማር" አለች፣ "ይልቅ ስንት መለኪያ እንደሆነ ቁጥር ስጡኝ።" እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። ስለ ሰዓትና ስለ ግራም፣ ስለ ሰውነት ክብደት፣ በልቶ ስለመጠጣት ላስረዳት ጀመርኩ፤ እጇን አነሣችብኝና፣ "በመለኪያ ንገሪኝ" አለችኝ። ሁለት አልኳት። አንድ ተኩል አለች፣ ምክንያቱም የእሷ ዳግም አረቄ ነው።